ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ

ለእህቴ ለትግስት፤ እናታችን ወልዳሽ ጀርባዬ ላሳደገሽ፤ ባለሽበት በቤይሩት ከተማ ይድረስልኝ።

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ወገቤን ያዘኝ ያልሽው ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሲመሽ ይመለስብሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? እመቤትሽ ደህና ናቸው? ያሳደግሻቸው ልጆችስ አሁንም ያለ አንቺ ጫማቸውን አያገኙም? እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረውሽ የሚሄዱት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላም ናቸው? ይህን ሁሉ በስልክ እጠይቅሽ ነበር። አሁን ግን ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ሦስት ሳምንት አለፈው። ምራቴ ሴና ምናልባት ሥራ በዝቶባት ይሆናል ትላለች። እኔ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የሚነሣብኝ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው፤ መቱ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበትን ቀን ልቁጠር ብትይ ጣትሽ ይበቃሻል። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። አንቺ ትወጪበት የነበረው የጓሮው ዋንዛ ግን በነፋስ ወድቋል፣ ጉቶው ላይ ልብስ እናሰጣለን።

ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ፣ አንዳንዱ ፊደል እግሩ እየተሰበረ የመጣው በራሴ እጅ ስለ ጻፍሁት ነው። እስከ ዛሬ ከእኔ የደረሰሽ ደብዳቤ ሁሉ የባሌ የአምባው እጅ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ በመጨረሻ «ሌላስ የምትያት አለ?» ይለኛል፣ እኔም «የለም፣ ሰላም በልልኝ» እላለሁ። ሌላ ነበረኝ። ግን በእሱ እጅ የሚጻፍ አልነበረም። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ፊደል የያዝሁትም ከዚያ ወዲህ ነው። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በጋዜጣ ለጥፈነው እንደነበር ታስታውሻለሽ። በራስጌዬ በኩል ያለው ገጽ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ነው። ከእሱ ስለ ጀመርሁ እስካሁን የተዘቀዘቀ ጽሕፈት ይቀለኛል። የቀረውን ከልጅ ልጄ ከሊቺ ጋር ጨረስሁት። እሷ ትምህርቷን በቁቤ ስለምትማር ፊደሉ ለእሷም አዲስ ነበር፤ በአማርኛ መጽሐፏ ላይ እኩል እየተንተባተብን ሄድን። ይህን ደብዳቤ ግን ለእሷም ለማንም አላሳየሁም። የጎረቤታችን ልጅ ሰዒዳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ታመጣልሻለች።

ነገሩን ከላክሽልን የዶሮ ጥቅልል ልጀምር።

የቤታችንን ሩጫ ታውቂያለሽ። ልጄ ቢኒያም ማልዶ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ጎሬ ይወጣል። ሚስቱ ሴና ሁሩሙ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና ካመለጣት ቀኑ ሁሉ ይበላሽባታል። ልጆቹ፣ ሊቺና ትንሿ ኢብሴ፣ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ይሮጣሉ። ሁሉም ደክሞት ሲገባ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ቁሌቱ በስሎ፣ ወጡ እስኪደርስ ኢብሴ መደቡ ላይ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ሴና ይህን ስታጫውትሽ «እኔ እዚህ ለስድስት ሰው ምሳ በግማሽ ሰዓት አደርሳለሁ፣ ይልቅ ስሙኝ» ብለሽ አሠራሩን በድምፅ ላክሽልን። ዶሮውን በጨውና በነጭ ሽንኩርት ቀቅሉት፤ ሲበርድ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቃችሁ በጣታችሁ በጫጭቁት፤ ወፍራም እርጎ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ በደቃቁ የተከተፈ ጥቅል ጎመንና ካሮት ጨምሩበት፤ በስስ ቂጣ ጠቅልላችሁ ብሉት። ማዮኔዝ ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ እርጎው ይበቃል አልሽ። እኔ ድምፅሽን ድገሚልኝ፣ አሁንም ድገሚልኝ እያልሁ ሴናን አስቸገርኋት። አሠራሩ ያልገባኝ መስሏት ነበር።

መጀመሪያ የሠራነው ከፋሲካ በኋላ በነበረው ረቡዕ ነው፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ይበላል። ሴና ዶሮውን አምጥታ፣ እንደ ወላጅ እናቷ ስትጠራኝ፣ «ሀርሜ፣ እርስዎ ያሰናዱልኝ፣ እኔ ቂጣውን ልጋግር» አለችኝ። አጠብሁት፣ ቢላዋ አነሣሁ፣ እጄ በለመደው መንገድ ሄደ። ሴና ዞር ስትል ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ሳህን ላይ ተደርድሯል፤ ፈረሰኛው፣ እግሩ፣ መላላጫው፣ ክንፉ፣ አንዱም ሳይዛነፍ። በሳቅ ፈነዳች። «ሀርሜ! ሊበጫጨቅ ነው እኮ! ብልት የሚያወጡት ለማን ነው?» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ብልቱን ሰብስቤ ድስት ውስጥ ጨመርሁት።

ተቀቅሎ ሲበርድ ተቀምጬ ስፈለቅቅ ፈረሰኛው እጄ ገባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ብልት ዓይኔን መልሼ ነው የማወጣው፤ እኔ ራሴ በአፌ አላስገባሁትም። ያን ቀን ግን ጨምቄ በጫጨቅሁት፤ ከክንፉም ከአንገቱም ሥጋ ጋር ተቀላቀለ። እርጎው ሲፈስበትማ የአባወራው ድርሻ የቱ፣ የልጁ የቱ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ያን ጊዜ ዶሮ እንዲህ ይበላ ኖሮ እህቴ ዛሬ አጠገቤ ነበረች ብዬ አሰብሁ። ወዲያው በራሴ አፈርሁ። ጥፋቱ የዶሮው አልነበረም።

የመጀመሪያው ሥራችን ለወሬም አይመች። እርጎው ቂጣውን አራሰው፣ ሴና ለምሳዋ ይዛው ሁሩሙ እስክትደርስ ጥቅልሉ ተፈታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። አለቃዋ «ይህ ማመልከቻ ነው ወይስ ፍትፍት?» አላት ብላ ስትነግረን ቢኒያም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሁለተኛው እርጎውን በጨርቅ አንጠልጥለን አጠለልነው፣ ትንሽ ቀና አለ። ለዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ አሪፍ ሆኖ ወጣልን፤ ያኔ ነው ሴና «ለእትዬ እናሳያት» ብላ በቪዲዮ የደወለችልሽ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺም በወዲያ በኩል አይተሻል፤ ግን ከዚህ በኩል እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። ስምንት ጥቅልል ትሪ ላይ ደርድረን ነበር። ሴና ስልኩን ወደ ትሪው ስታዞረው ሰባት ሆኖ ተገኘ። ሊቺም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ትግስት በላችው!» አለች። አንቺ «ማን በላችው አልሽኝ፣ ልጄ?» አልሻት። ልጅቷ አንቺን የምታውቅሽ እትዬ ብላ ነው፣ ስምሽን ከነገሩ አላገናኘችውም። «ትግስት ናታ! ዕቃ ሲጠፋ የምትበላው!» አለችሽ። ቢኒያም ሳቀ፣ ሴናም ሳቀች፣ እነሱም ከልማዱ በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። አንቺ «እስካሁን አልጠገብኩም ማለት ነዋ» አልሽ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አሉ። ጥቅልሉን ኢብሴ ከበሩ ጀርባ ቆማ ስትገምጠው አገኘናት፣ እርጎ እስከ ጆሮዋ ተለቅልቃ። ማንም አልተቆጣትም። እንዲያውም ሁለተኛ ጨመሩላት። እኔ እሷን እያየሁ አንቺን አሰብሁሽ። ለአንቺ የሳቀልሽ አልነበረም።

ትግስት፣ ይህ ነገር በቤታችን ተረት ሆኗል። ማንኪያ ሲጠፋ ትግስት በላችው። የሳሙና ቁራጭ ሲታጣ ትግስት በላችው። ከየት እንደመጣ ልጆቹ አያውቁም፣ ሴናም አታውቅም፤ ቢኒያም ከአባቱ ሰምቶ አደገበት፣ እነሱም ከእሱ ሰሙት። የማውቀው እኔ ነኝ። የሚያሳፍረውን ልጨምርልሽ፤ አምና መርፌዬ ጠፍታብኝ ስፈልግ እኔው በአፌ አልሁት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ መርፌዋንም መፈለግ ተውሁ።

አሁን ወደ ሰማንያ ስድስቱ ፋሲካ ልመለስ። አንቺ የምታውቂውን የምነግርሽ እኔ የማውቀውን ስላላወቅሽ ነው። ወይም ታውቂው ይሆናል።

ከሰፈራው ጣቢያ ወጥተን መቱ ስንገባ ኦቦ በዳሳ ጓሯቸውን ከፍለው አስጠለሉን፤ የቆምንበት መሬት የእሳቸው ነበር። አምባው ለዚያ ውለታ የሚመልሰው ነገር ስላልነበረው በዚያ ፋሲካ ለግድፊያ ጠራቸው። ዶሮዋን ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። እኔ ቢኒያምን አርግዤ ሰባተኛ ወሬ ነበር። ቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ወጡን ስሠራ፣ ፈረሰኛውን ከድስቱ አውጥቼ በላሁት።

ርሃብ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ጾሙ ለምዶኝ ነበር። ያማረኝ ሥጋም አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ፈረሰኛ ቀምሼ አላውቅም። እናታችን ወሎ ሳለን ለአባታችን ታወጣለታለች፣ ለእሷ አንገትና ክንፍ ነው። እኔም ባገባሁ በሦስት ዓመት ለአምባው አወጣለታለሁ። እንዴት ያለ ነገር ቢሆን ነው ሁልጊዜ ለእነሱ የሚሆነው አልሁ። አንድ ጊዜ ልወቀው አልሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ያህል አይጥምም፤ ደረቅ ነው። አጥንቱን እሳት ውስጥ ስጨምር አንቺ እንስራ ተሸክመሽ ገባሽ። እኔ አፌን በነጠላዬ እየጠረግሁ ነበር። አየሽኝ ወይ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው።

አምባው ድርሻውን ለእንግዳ አይሰጥም ብዬ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ እግር ባወጣለት ዛሬ አይቆጣም ብዬ። በማግሥቱ ግን እንግዳው ተቀምጠው፣ እንጀራው ቀርቦ፣ «ፈረሰኛውን ለኦቦ በዳሳ አውጪላቸው፣ ዛሬ የቤቱ አባት እሳቸው ናቸው» አለ። እንደሌለ እያወቅሁ ድስቱን በጭልፋ አማሰልሁ። እንደገና አማሰልሁ። አምባው ተነሥቶ በራሱ ዓይን አየ። እንግዳውን ጠርቶ፣ ክብሩን በአፉ ሰጥቶ፣ ድስቱ ባዶ ሆኖበት ፊቱ ተለዋወጠ። አንቺ ማስታጠቢያውን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሻል። «አንቺ ነሽ?» አለሽ። አንቺ ወደ እሱ አላየሽም፣ ወደ እኔ አየሽ።

ያኔ ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። እኔ ግን ተናገርሁ። «ልጅ ናት፣ ይቅር በላት» አልሁት።

ያች ቃል ናት። ሰው የሰማት ለእህቷ አማለደች ብሎ ነው። ኦቦ በዳሳም «ይቅር በላት፣ ፋሲካ ነው» አሉ። አምባውም «ስለ በዓሉ ብዬ ነው» አለ። እኔ ካላማለድሁ ማንም አንቺ ነሽ ብሎ አልፈረደም ነበር፤ ምልጃዬ ፍርድሽ ሆነ። አንቺ አላለቀስሽም፣ አልማልሽም። ማስታጠቢያውን ይዘሽ ቀርበሽ እጃቸውን አስታጠብሻቸው። ከዚያ ወዲያ አምባው ቁም ሳጥኑን መቆለፍ ጀመረ፣ የሰፈሩ ልጆች ወንዝ ስትወርጂ «ፈረሰኛዋ!» እያሉ ጠሩሽ። በሰኔ ከጎሬ የመጣች ሴትዮ የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች ሲባል «እኔ ልሂድ» አልሽ። ልብስሽን በነጠላዬ ቋጠርሁልሽ። ያኔ እንኳ አልተናገርሁም። ቢኒያም የተወለደው በሐምሌ ነው፤ የእጅሽን ሽታ ሳያውቅ አደገ። ከጎሬ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ፤ መንገድሽ ሁሉ ከዚያ ድስት የወጣ ነው።

ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ግን ምን እንደተናዘዝሁ ስሚ። ጾም ገደፍሁ፣ በቀዳም ስዑር ሥጋ በላሁ አልኋቸው። «ነፍሰ ጡር ስለነበርሽ እግዚአብሔር ይተውልሻል» ብለው ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድሁ። አንቺን ግን አልተናዘዝሁም። ሆዴን ተናዝዤ ምላሴን ደበቅሁ።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ እሱን ካልጻፍሁ ደብዳቤው ግማሽ ነው። አምባው ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠራኝና «ለትግስት ንገሪያት፣ ስለዚያ ፋሲካ ነገር ይቅር ብያታለሁ፣ ልጅን ማስቀየሜ ይቆጨኛል» አለኝ። እጄ በእጁ ውስጥ ነበር። በዚያች ሰዓት አልተናገርሁም። እሺ አልሁት። የሌለ በደል ይቅር ብሎ ሞተ፣ ያለውን በደል ሳያውቅ ሞተ። መልእክቱንም አላደረስሁልሽም፤ ከየት ጀምሬ ላድርስ? ዛሬ አደረስሁት። ካልፈለግሽው ተይው፣ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነበር።

ስልክሽ መነሣቱን ካቆመ በኋላ ሁለት ሳምንት ጥቅልል መሥራቱን ቀጠልን፤ ልጆቹ ለምደውታል። እኔ ግን በበጫጨቅሁ ቁጥር ድምፅሽ ይመጣብኛል፤ እስካሁን አልጠገብኩም። ግንቦት አሥራ ስምንት እሑድ ኦቦ በዳሳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። አሁን ሰማንያን አልፈዋል፣ ጥርሳቸው ስላለቀ ጥቅልሉን ወደውታል፤ «የዛሬ ልጆች ጋሪዳ! ጎሽ! ለድዳም ሰው ዶሮ አበሰሉ» ይላሉ። ሁሉም በተቀመጡበት ትሪውን አስቀመጥሁና ቆሜ ቀረሁ። ሴና «ሀርሜ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። «ቆሜ ነው የምናገረው» አልኋት፤ «በሰማንያ ስድስት ፋሲካ የጠፋውን ፈረሰኛ የበላሁት እኔ ነኝ። ትግስት አልነካችውም» አልሁ። ከዚያ ይህን የጻፍሁልሽን ሁሉ ነገርኋቸው፤ በአፌ ግን አጥሮ ወጣ፣ ተሰባብሮም ወጣ።

ኦቦ በዳሳ ጥቅልላቸውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ሆሳዕና፣ እኔ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ። «የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብትሰርቅ እግር ነው የምትሰርቀው፤ ሥጋው እሱ ላይ ነዋ! ፈረሰኛን ለይቶ የሚወስድ ክብሩን የሚያውቅ ሰው ነው።» ሊቺ ሳቅ ሲያመልጣት አፏን ያዘች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እንግዳ ነኝ፣ በሰው ቤት ነገር አልገባም ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን በፈረሰኛው ፋንታ የበላሁት እግር እስከ ዛሬ ከደረቴ አልወረደም። ስትጽፊላት የእኔንም ጨምሪበት» አሉኝ። ይኸው ጨመርሁበት።

ቢኒያም «አባዬ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው?» አለኝ። አዎ አልሁት። ድርሻውን ሳይነካ ተነሥቶ ወጣ፣ ሚኒባሱን ያለ ሰዓቱ ሲያጥብ ዋለ። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አደርሽ» ይለኛል፣ ጉልበቴንም ይጠይቀኛል፤ ዓይኔን ግን አያይም። በአራተኛው ቀን ምሳውን ከእጄ ተቀበለና ሄደ። ሴና «ጊዜ ይስጡት» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት የወሰድሁ እኔ እንዴት ጊዜ አልሰጥም? አንድ ነገር ግን አደረገ። ሊቺ ልማዷ ሆኖ «ትግስት…» ብላ ስትጀምር «ያ ነገር ከዚህ ቤት ወጥቷል» አላት። ሲላት ሰማሁት።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም። ያች ቃል ከእኔ አፍ አንድ ጊዜ ወጥታ ያደረገችውን አይተሻል፤ ሁለተኛ ልጠራት እፈራለሁ። ስምሽን መልሼልሻለሁ፤ በቤቴ ሰው ፊት፣ በኦቦ በዳሳ ፊት መለስሁት። በእጄ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመቱ በእጄ የለም። ከልጆቹ ጋር ግን አትኳረፊ፣ እነሱ የተቀበሉትን ነው ያሉት። ለእነሱ ብለሽ ስልኩን አንሺ፤ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ፣ ጓሮ እቀመጣለሁ።

ስለ ሌላው የምትመልሺልኝ ነገር ባይኖርሽ፣ ስለ እርጎው ብቻ ንገሪኝ። አጥልለነውም ቂጣው ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ይርሳል። ሴና ጎመኑ ውኃ ያወጣል ትላለች፣ እኔ ሎሚው ይመስለኛል። ሎሚውን መጀመሪያ ነው የምታደርጊው ወይስ ሊጠቀለል ሲል? እዚያ በቆርቆሮ ወረቀት የምትጠቀልሉ ከሆነም እኛ የሙዝ ቅጠል ለብልበን ሞክረናል፣ መጥፎ አይደለም። አንድ መስመር ጽፈሽ ለሰዒዳ ብትሰጫት ይደርሰኛል። አሁን የሚያነብልኝ ሰው አልፈልግም።

ቢኒያም በአፉ አላለኝም፣ ግን ሰዒዳ መቼ እንደምትሄድ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ሰላምታው ያ ነው ብለሽ ተቀበይው። ሴና ትስምሻለች፣ ቦርሳዋ እስካሁን ነጭ ሽንኩርት እንደሚሸት ንገሪያት ብላለች። ኦቦ በዳሳ ምርቃታቸውን ልከዋል፤ በሕይወት ሳለሁ ትምጣ፣ በእጇ ውኃ ልታጠብ ብለዋል። የሰዒዳ እናት፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ አንቺን ልጅ ሳለሽ የሚያውቁ ሁሉ ሰላም ይሉሻል። ኢብሴ ለእትዬ ብላ የጥቅልል ሥዕል ሥላለች፣ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ፤ ዱባ ቢመስልሽም ጥቅልል ነው። ሊቺ ደግሞ ያን ቀን ያስቀየመችሽ እሷ መስሏት አልቅሳ ነበር፣ «አንቺ አይደለሽም» ብዬ አባብያታለሁ፤ አንቺም ብትነግሪያት ይሻላታል።

ልጆቹ ያንን ተረት ትተው ሌላ ይዘዋል። ትናንት የጨው ዕቃው ክዳን ጠፍቶ ሲተራመሱ ሊቺ ከማድ ቤት «አኮ በላችው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። አኮ የሚሉት እኔን ነው። ሴና ደንግጣ ዝም በይ ስትላት እኔ ከጓሮ ሆኜ «ተያት፣ እኔ ነኝ የበላሁት» አልሁ።

እህትሽ ሆሳዕና

መቱ፣ ኢሉባቦር
ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.